ኦሊቨር ሄቪሳይድ፦ ከቴሌግራፍ መምቻ የተነሳ ሒሳብ

የጋዜጠኝነት ተማሪን ስለ ሒሳብ ሊቅ ምን አስጻፈው እንደምትሉ አልጠፋኝም። ብዙዎቻችን ወደዚህ ትምህርት ክፍል ስንገባ ከሒሳብ ጋር በሰላም ተለያየን ብለን ነው የገባነው። ቢሆንም የዛሬው ባለታሪካችን ከእኛ ሙያ ጋር በሁለት ነገር ይገናኛል። አንደኛ፣ ተቀጥሮ የሠራው በቴሌግራፍ ቤት ብቻ ነው፤ ቴሌግራፍ ደግሞ ዜናን ከፈረስና ከመርከብ ያላቀቀ መሣሪያ ነው። ሮይተር ለንደን ላይ ቢሮውን የከፈተው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ በተዘረጋበት በ1851 ነው። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠው ይህ ሰው ሥራው ለዓለም የተረፈው አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ማንም የማይረዳውን ጽሑፍ ለዓመታት ስላተመለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦሊቨር ሄቪሳይድ ሜይ 18 ቀን 1850 ለንደን ውስጥ ካምደን ታውን በተባለ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ቶማስ ለኅትመት የሚሆኑ ሥዕሎችን እንጨት ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ ነበር። ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ከአራት ወንድ ልጆች የመጨረሻው ኦሊቨር ገና ትንሽ ሳለ ስካርሌት ፊቨር የሚባል ቀይ ሽፍታ የሚያወጣ ትኩሳት ያዘው፤ ከሞት ቢተርፍም ጆሮው ደከመ። ከፍ ሲል መጠነኛ መሻሻል ቢያሳይም በልጅነቱ ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም። ብቻውን መሆን የለመደው ያኔ ነው፤ ብቸኝነቱ እስከ መቃብር አልተለየውም።

ድህነት ቢኖርም አንድ ትልቅ ዘመድ ነበራቸው። የእናቱ እህት ባል ቻርልስ ዊትስቶን ነው፤ በ1837 ከኩክ ጋር ሆኖ በእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ቴሌግራፍን የፈጠራ መብት ያወጣው ዊትስቶን። ኦሊቨር በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲያቆም ቤተሰቡ ለዩኒቨርሲቲ የሚከፍለው ስላልነበረው መንገዱን ያሳየው ይህ አጎቱ ነው። በ1867 ወደ ኒውካስል ሄዶ ከታላቅ ወንድሙ ከአርተር ጋር ቴሌግራፍ መማር ጀመረ። በዓመቱ ከእንግሊዝ ወደ ዴንማርክ አዲስ የባሕር ገመድ ሲዘረጋ የ18 ዓመቱ ልጅ ፍሬዴሪሲያ በምትባለው የዴንማርክ ከተማ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሠራተኛው መምቻውን ይጫናል፣ በሽቦው ኮረንቲ ያልፋል፤ ይለቀዋል፣ ኮረንቲው ይቋረጣል። አጭር ሲጫን ነጥብ፣ ረዘም አድርጎ ሲጫን ሰረዝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነጥብና ሰረዙ ፊደል፣ ፊደሉ ቃል፣ ቃሉ ዜና ይሆናል።

እስቲ አሁን ወረቀትና እርሳስ አንሱ። አንድ አግድም መስመር አስምሩና ጊዜ በሉት። መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አቁሙና የኮረንቲ መጠን በሉት፤ ሁለቱ የተገናኙበት ቦታ ዜሮ ሰዓት ነው። ሠራተኛው መምቻውን ሳይነካ ኮረንቲ ስለሌለ እርሳሳችሁ ከግራ ተነስቶ አግድሙን መስመር ይዞ ይመጣል። ልክ ዜሮ ሰዓት ላይ ይጫናል። ኮረንቲው በአንዴ 1 ሆነ እንበል። እርሳሳችሁን አንሱና 1 ከፍታ ላይ አስቀምጣችሁ ወደ ቀኝ ቀጥሉ። ስቴፕ ፋንክሽን ማለት ይህ ነው፤ በእኛ ቋንቋ የደረጃ ፋንክሽን ብንለው የሚከፋው ያለ አይመስለኝም። ዳገት የለውም፣ ቁልቁለት የለውም፣ አንድ እርከን ብቻ ነው። ዝላዩ ያለበት ቦታ ላይ ከታች ባዶ ክብ፣ ከላይ የተደፈነ ነጥብ ይደረጋል፤ በዚያች ቅጽበት ዋጋው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንዳያሻማ። ዛሬ በመላው ዓለም ይህ ግራፍ የሚጠራው በሄቪሳይድ ስም ነው። የሚገርመው የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ሲፈታ ከባዱ ጎን እንደማለት ነው፤ ግራፉም ክብደቱ ሁሉ በቀኝ ጎኑ ነው። በአጋጣሚ ነው እንጂ ማንም አስቦበት አይደለም።

ሠራተኛው መምቻውን የተጫነው በዜሮ ሰዓት ሳይሆን ከ3 ሰከንድ በኋላ ቢሆንስ? ግራፉ ቅርጹን ሳይለውጥ 3 ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ፋንክሽኑን ደ፣ ጊዜን ጊ ብንላቸው የመጀመሪያው ደ(ጊ)፣ የተንሸራተተው ደ(ጊ − 3) ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይደናገራል፤ ቅናሽ ምልክት እያለ ለምን ወደ ግራ አልሄደም ይላል። መፍትሔው ቅንፉ ውስጥ ያለው ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። ጊ ከ3 ካልደረሰ ውስጡ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ኮረንቲ የለም። ጊ 3 ሲሞላ ውስጡ ዜሮ ይሆንና ደረጃው ይነሳል። ደመር ቢሆን ኖሮ፣ ደ(ጊ + 3)፣ ሰውየው ከቀጠሮው 3 ሰከንድ ቀድሞ ተጫነ ማለት ነበር። ከቅንፉ ውጭ 3 ብንደምር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሙሉ ግራፉ ከነወለሉ 3 ወደ ላይ ይነሳል። ከፊቱ 2 ብናባዛበት ወለሉ ባለበት ይቀርና እርከኑ ብቻ ሁለት እጥፍ ይሆናል።

መምቻውን መልቀቅስ? መልቀቅ ማለት የተንሸራተተ ደረጃ መቀነስ ነው። ደ(ጊ) − ደ(ጊ − 1) ብለን ብንጽፍ በዜሮ ይነሳል፣ በ1 ይወድቃል። አንዲት ነጥብ! በሞርስ አቆጣጠር ሰረዝ የነጥብን ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ በአንድ ፊደል ውስጥ በምልክቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የአንድ ነጥብ ያህል ነው። ኤ የሚባለው የላቲን ፊደል ነጥብና ሰረዝ ነው። ስለዚህ ኤ ማለት ደ(ጊ) − ደ(ጊ − 1) + ደ(ጊ − 2) − ደ(ጊ − 5) ነው። በግራፍ ሥሩትና እዩት፤ አጭር ሣጥን፣ ክፍተት፣ ረጅም ሣጥን። በቴሌግራፍ የተላለፈ የትኛውም ዜና እንዲህ በደረጃዎች ድምርና ቅናሽ ሊጻፍ ይችላል። በእኛ ሰፈር ምሳሌ ከተፈለገ የሚኒባስ ታክሲ ታሪፍ አለላችሁ። ርቀቱ የተወሰነውን ልክ እስኪያልፍ ሒሳቡ ያው ነው፤ ካለፈ ግን በጥቂት ሜትር ምክንያት ዘሎ ቀጣዩ እርከን ላይ ይቀመጣል። እርስ በርስ እየተንሸራተቱ የተደረደሩ ደረጃዎች ናቸው፤ አልጀብራ ክፍል የምናውቀው ባለ ብዙ እርከን ግራፍ ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ የሄቪሳይድ የሕይወት ሙሉ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። ፍሬዴሪሲያ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀበለው ምልክት ከእንግሊዝ የተላከው ጠርዙ የሾለ ደረጃ አልነበረም። ባሕር ውስጥ የተቀበረ ረጅም ገመድ ኮረንቲውን በአንዴ አያሳልፍም፤ መጀመሪያ ራሱ ይሞላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያቀብላል። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተነሳው እርከን በሌላው ጫፍ ሲደርስ የተጋደመ ዳገት ይሆናል። ነጥቦቹ ቶሎ ቶሎ ከተላኩ ዳገቶቹ እርስ በርስ ይደራረቡና ነጥቡ ከሰረዙ አይለይም። በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የመጀመሪያው ገመድ የንግሥት ቪክቶሪያን 98 ቃላት ለማስተላለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል፤ ከሳምንታት በኋላም ጨርሶ ሞተ። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን በ1850ዎቹ ይህን መዘግየት በሒሳብ አስልቶት ነበር፤ መዘግየቱ በገመዱ ርዝመት ስኩዌር እንደሚያድግ አሳየ። ርዝመቱ እጥፍ ከሆነ መዘግየቱ አራት እጥፍ ማለት ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ ይህን ሒሳብ በራሱ ጊዜ አጠና። ወደ ኒውካስል ከተመለሰ በኋላ በ1873 ስለ ዊትስቶን ብሪጅ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ታላቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ዘንድ ደርሶ በመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ተጠቅሶለታል። ይህን ጊዜ ነው እንግዲህ ሰውየው ቤተሰቡን ያስደነገጠ ነገር ያደረገው። በ1874፣ በ24 ዓመቱ፣ ሥራውን ለቀቀ። ደህና ደመወዝ ያለውን ሥራ ትቶ ለንደን ወላጆቹ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በየትም ቦታ ተቀጥሮ አልሠራም። በእኛ ሀገር ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።

ክፍሉ ውስጥ የማክስዌልን መጽሐፍ ይዞ ነው የተቀመጠው። መጽሐፉ በ1873 ሲታተም በእንግሊዝ አገር በሙሉ የገባው ሰው ጥቂት ነበር። ሄቪሳይድ ዓመታት ወሰደበት። ማክስዌል የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሕግ 20 በሚሆኑ እኩልዮሾች ጽፎት ነበር፤ ሄቪሳይድ በ1880ዎቹ አጋማሽ በቬክተር ጨምቆ አራት አደረጋቸው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የማክስዌል እኩልዮሾች ተብለው የሚሰጡት አራቱ በመልካቸው የሄቪሳይድ ናቸው። ኢንዳክታንስ፣ ኢምፒዳንስ፣ ኮንዳክታንስ የሚሉት የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ቃላትም የእሱ ናቸው። ይህ ለብቻው አንድ ሕይወት ይበቃው ነበር፤ እኔ ግን ወደ ገመዱ ልመለስ።

በ1887 የደረሰበት ነገር እንዲህ ነው። የትኛውም ገመድ አራት ጠባይ አለው፤ ኮረንቲን ይቃወማል፣ ኮረንቲ ያሾልካል፣ ቻርጅ ያከማቻል፣ የኮረንቲን ለውጥ ደግሞ ያንገራግራል። የመጨረሻው ኢንዳክታንስ የተባለው ነው። የሾለ ደረጃ ማለት ከብዙ ዘገምተኛና ፈጣን ሞገዶች የተሠራ ነገር ነው፤ በተራ ገመድ ውስጥ እነዚህ ሞገዶች በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄዱና በተለያየ መጠን ስለሚዳከሙ ጠርዙ ይሟሟል። ሄቪሳይድ አራቱ ጠባያት በአንድ የተወሰነ ምጣኔ ከተመጣጠኑ፣ የተቃውሞው ከኢንዳክታንሱ ጋር ያለው ሬሾ የማሾለኩ ከማከማቸቱ ጋር ካለው ሬሾ ጋር እኩል ከሆነ፣ ሞገዶቹ ሁሉ በአንድ ፍጥነት እንደሚጓዙና በእኩል እንደሚዳከሙ በሒሳብ አረጋገጠ። ያን ጊዜ ደረጃ ተልኮ ደረጃ ይደርሳል። ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ከፍታውም ያንሳል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው። ከላይ በእርሳስ ከሠራነው ጋር አስተያዩት፤ ጥሩ ገመድ ማለት ግራፉን ወደ ቀኝ ከማንሸራተትና ከፍታውን ከማሳነስ በቀር ሌላ ምንም የማያደርግ ገመድ ነው። አንድ የማንሸራተቻ ቁጥር፣ አንድ የማሳነሻ ቁጥር፤ ሌላ የለም። በእውነተኞቹ ገመዶች ላይ ኢንዳክታንሱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ መድኃኒቱ እሱን መጨመር ነው አለ፤ ለምሳሌ በመስመሩ ላይ በየርቀቱ የሽቦ ጥምጥም በማስገባት። ነገሩ ከቴሌግራፍ ይልቅ ለስልክ የባሰ አስፈላጊ ነበር፤ የሰው ድምፅ ከነጥብና ሰረዝ በላይ ይበላሻል።

እዚህ ላይ ዊልያም ፕሪስ ይመጣል። ፕሪስ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር፤ ቴሌግራፉ በፖስታ ቤቱ እጅ ስለነበር በአገሩ ስለ ገመድ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ኢንዳክታንስ ደግሞ በእሱ እምነት የመገናኛ ጠላት ነው፣ መወገድ እንጂ መጨመር የለበትም። ኦሊቨር በዚያው ዓመት በፖስታ ቤቱ ከሚሠራው ወንድሙ ከአርተር ጋር ስለ ስልክ መስመር አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። አርተር የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ለማሳተም የአለቃውን የፕሪስን ፈቃድ ይፈልጋል። ፕሪስ ከለከለ። ለአርተር ነገሩ እንጀራው ነውና ዝም አለ። ኦሊቨር ግን የሚያጣው እንጀራ ስላልነበረው አልቻለም፤ ፕሪስን በጽሑፍ እየወጋ ዕድሜውን ጨረሰ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ ስድብ ነው፣ ለሰውየውም ለሳይንሱም የጠቀመ አይመስለኝም። ፕሪስም ቢሆን ደደብ አልነበረም፤ ማርኮኒ በ1896 ገመድ አልባ መሣሪያውን ይዞ ለንደን ሲመጣ እጁን ዘርግቶ የተቀበለው እሱ ነው። የፕሪስ ችግር ሒሳቡን ማንበብ አለመቻሉ ብቻ ሳይሆን የማይችለውን ነገር ዋጋ እንደሌለው መቁጠሩ ነው።

ለመሆኑ ሄቪሳይድ ይህን ሁሉ የት ነው ሲጽፍ የነበረው? ዘ ኤሌክትሪሺያን በሚባል ሳምንታዊ የሙያ መጽሔት ላይ ነው። አንባቢዎቹ ገመድ የሚዘረጉ፣ መብራት የሚያስገቡ፣ አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። አዘጋጁ ቢግስ ከ1882 ጀምሮ በእነዚህ ሰዎች መጽሔት ላይ በሒሳብ ቀመር የታጨቀ የሄቪሳይድን ጽሑፍ በተከታታይ ያትም ነበር። ቢግስ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይገባው ነበር ብዬ አላስብም። ግን የሚናገረው ያለው ሰው መሆኑ ገብቶታል። በኦክቶበር 1887 ቢግስ ከአዘጋጅነቱ ተነሳ። ምክንያቱ በይፋ አልተነገረም፤ እሱ ራሱ ግን ለሄቪሳይድ መቆሙ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ኋላ ላይ ጠቆም አድርጓል። የተተካው ስኔል በበኩሉ አንባቢዎቹን ጠያይቆ የሄቪሳይድን ጽሑፍ የሚያነብ አንድም ሰው ስላላገኘ ተከታታዩ መቆሙን ለጸሐፊው አሳወቀ።

በክፍል ውስጥ አዘጋጅ ለአንባቢው ነው የሚሠራው እየተባልን ነው የምንማረው። በዚህ መለኪያ ስኔል ትክክል ነው። እንዲያውም ጠይቋል፤ ስንቱ አዘጋጅ ነው አንባቢውን የሚጠይቀው? ቢግስ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ የአንባቢውን ገጽ ማንም ለማያነበው ነገር ሰጠ። ነገር ግን ዛሬ የዚያን መጽሔት የ1880ዎቹ ገጾች የታሪክ ሰዎች ፈልገው የሚያወጧቸው ለሄቪሳይድ ሲሉ ነው፤ በተነበቡት ጽሑፎች ምክንያት አይደለም። ስለዚህ እኔ ከሁለቱ የምወግነው ለቢግስ ነው፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮና የስፖርት ጋዜጣ ለመሥራት ያሰባችሁ ጓደኞቼ እንደማትስማሙ እያወቅሁ።

ፊቱ የተመለሰው ቶሎ ነው። በ1888 ሄርትዝ ጀርመን ውስጥ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድን በሙከራ ሲያሳይ የማክስዌል ትምህርት በድንገት የሁሉ ወሬ ሆነ፤ ለካ ያንን ትምህርት ከማንም በላይ ያራቀቀው ለንደን ውስጥ በሩን ዘግቶ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ኦሊቨር ሎጅና ፊትዝጄራልድ የተባሉ የፊዚክስ ሰዎች ወዳጆቹ ሆኑ። በ1889 መጀመሪያ ኬልቪን የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባደረገው ንግግር የሄቪሳይድን ሥራ በይፋ አመሰገነ። በ1891 ሮያል ሶሳይቲ አባሉ አደረገው፤ መጽሔቱም በአዲስ አዘጋጅ ሥር እንደገና በሩን ከፈተለት።

ገንዘቡ ግን ባሕር ተሻገረ። አሜሪካ ውስጥ የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ባልደረባ ጆርጅ ካምቤልና የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሚካኤል ፑፒን ጥምጥሞቹ በመስመሩ ላይ በምን ያህል ርቀት መቀመጥ እንዳለባቸው አሰሉ። የፈጠራ መብቱን በ1900 ያገኘው ፑፒን ነው፤ ኩባንያው መብቱን ገዛውና ፑፒን ሀብታም ሆነ። ሄቪሳይድ ሐሳቡን በ1887 ያወጣው በመጽሔት እንጂ በፈጠራ መብት አልነበረም፤ ስለዚህ አንድ ሳንቲም አላገኘበትም። በ1924 በኒውዮርክና በአዞር ደሴቶች መካከል ኢንዳክታንስ በሚጨምር ልዩ ብረት የተጠቀለለ የቴሌግራፍ ገመድ ሲዘረጋ ፍጥነቱ የቀደሙትን በብዙ እጥፍ በለጠ። ሄቪሳይድ ያኔ በሕይወት ነበር።

ስለ ደረጃው አንድ የቀረ ነገር አለ። ሄቪሳይድ ወረዳውን ሁሉ የሚጀምረው በዚሁ ግራፍ ነበር፤ በዜሮ ሰዓት ኮረንቲ ለቀቅን፣ ከዚያስ? ደረጃውን የሚጽፈው ደመቅ ባለ 1 ቁጥር ብቻ ነው። የለውጥን መጠን የሚያሰላውን የካልኩለስ ምልክት እንደ ተራ የአልጀብራ ፊደል ያበዛዋል፣ ያካፍለዋል፤ መልሱም ልክ ይመጣል። ለምን ልክ እንደሚመጣ ግን የሒሳብ ሰዎች በሚጠይቁት መንገድ አላረጋገጠም። የደረጃው ዝላይ ላይ የለውጡ መጠን ምን ያህል ነው ቢባል፣ በዚያች ቅጽበት ወሰን የለሽ፣ በቀረው ሁሉ ዜሮ የሆነ ምት ነው ብሎ ይሠራበት ነበር። ለዘመኑ ሊቃውንት ይህ ጸያፍ ነገር ነው። ሮያል ሶሳይቲ የአባላቱን ጽሑፍ ያለ ብዙ ምርመራ የማተም ልማድ ነበረው፤ የሄቪሳይድን ሁለት ክፍሎች ካተመ በኋላ በ1894 ሦስተኛውን ክፍል ለገምጋሚ ሰጠና መለሰበት። ኋላ ላይ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች የተጠቀሙበት ዘዴ ነው እንግዲህ የተመለሰው። ምቱን ፖል ዲራክ በ1920ዎቹ በኳንተም ፊዚክስ ውስጥ ስም ሰጥቶ ተጠቀመበት፤ ዲራክ መጀመሪያ የተማረው የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው። የሒሳብ ሰዎች የሚጠይቁትን ጥብቅ መሠረት ያስያዘለት ደግሞ ፈረንሳዊው ሎራን ሽዋርትዝ ነው፤ እሱም በ1940ዎቹ ውስጥ።

ሄቪሳይድ በ1889 ከወላጆቹ ጋር ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ወደ ፔይንተን ተዛውሮ ወንድሙ ቻርልስ በከፈተው የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ቤት ተቀምጦ ነበር። እናቱ በ1894፣ አባቱ በ1896 ሞቱ። ወዳጆቹ ከሮያል ሶሳይቲ የመረዳጃ ገንዘብ ሊያሰጡት ቢሞክሩ ምጽዋት ነው ብሎ እምቢ አለ። በ1896 ሎጅና ፊትዝጄራልድ ከሌሎች ጋር ሆነው በዓመት 120 ፓውንድ የመንግሥት ጡረታ አስፈቀዱለት፤ ይህን እንደ ክብር ቆጥሮ ተቀበለ። ቢሆንም የጋዝ ሒሳብ መክፈል ያቃተው ጊዜ ነበር።

በ1902 ደግሞ ለብሪታኒካ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ቴሌግራፍ ሲጽፍ አንድ ሐሳብ ጣል አደረገ። ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 አትላንቲክን የተሻገረ የሬዲዮ ምልክት አግኝቻለሁ ብሎ ነበር፤ ምድር ክብ ሆና ሳለ ሞገዱ እንዴት ታጥፎ ሄደ? ሄቪሳይድ በሰማይ ከፍታ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንጣፍ ሊኖር እንደሚችል ጻፈ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ኬነሊ የተባለ መሐንዲስም ለብቻው ይህንኑ ብሏል። የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ እያዳመጠ ያደገ ሰው የዚህ ሐሳብ ባለዕዳ ነው፤ አጭር ሞገድን በዋናነት የሚመልሰው ከሄቪሳይድ ንጣፍ በላይ ያለው ሌላ ንጣፍ ቢሆንም፣ ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ነው።

የመጨረሻ ዓመታቱ ያሳዝናሉ። ከ1908 ጀምሮ ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ መጀመሪያ ከወንድሙ ሚስት እህት ጋር፣ በኋላም ብቻውን ኖረ። የሰፈር ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ መስኮቱን ይሰብሩበት ነበር። በደብዳቤው ግርጌ ከስሙ ቀጥሎ ትል የሚል ትርጉም ያላቸውን የላቲን ፊደላት እንደ ማዕረግ ይጽፍ ነበር ይባላል፤ ቤቱን በትላልቅ ድንጋዮች እንዳስጌጠም ይወራል። በ1922 የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር አዲስ ያቋቋመውን የፋራዳይ ሜዳሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ተሸላሚው ሄቪሳይድ ሆነ። ለንደን ስለማይሄድ ሜዳሊያውን ቤቱ ድረስ ወሰዱለት።

በዲሴምበር 1924 ኤድዋርድ አፕልተንና ባርኔት የቢቢሲን የቦርንማውዝ ማሰራጫ ተጠቅመው ከሰማይ የሚመለሰውን ሞገድ ለኩ። ንጣፉ አለ። ሄቪሳይድ በዚያው ሰሞን ከመሰላል ወድቆ ተጎድቶ ነበር፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1925 በ74 ዓመቱ ቶርኪ ውስጥ አረፈ። ፔይንተን በእናትና በአባቱ መቃብር ተቀበረ።